አንዱ ባንዱ ውስጥ የሚገባ የአሉሚኒየም ቱቦ አንቴና፦ አቆራረጡና አጠባበቁ (ጎንደር ላላችሁ የአጭር ሞገድ አድማጮች)

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄ አጭር ሞገድ ሬዲዮ ለምታዳምጡ ነው፣ በተለይ እዚህ ጎንደር ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ሬዲዮው ከሽሽታ ሌላ ምንም አልሰጥ ላላችሁ። ቆርቆሮው ሞገዱን ይጋርዳል፣ በዛ ላይ የኤልኢዲ አምፖሉ፣ የስልክ ቻርጀሩ፣ የዲሽ ሪሲቨሩ ሁሉ የየራሱን ጩኸት ቤቱ ውስጥ ስለሚረጭ የሬዲዮውን አንቴና እስከ ጫፉ ብትጎትቱት ጩኸቱም አብሮ ነው የሚጨምረው። አንቴናው ከጣሪያ በላይ መውጣት አለበት፣ ሌላ መፍትሄ የለውም። ኤፍኤም ቢሆን ተራራው ያስቸግረን ነበር፣ አጭር ሞገድ ግን ከላይ አዮኖስፌር ከሚባለው የአየር ንብርብር ነጥሮ ስለሚመጣ ከተማችን በተራራ መከበቧ ብዙም አይጎዳንም።

ሽቦ ዘርግቶ ማዳመጥም ይቻላል፣ ርካሽ ነው፣ ግን ግራና ቀኝ ማሰሪያ ይፈልጋል፣ ግቢው ጠባብ ለሆነ ሰው አይመችም፣ ርዝመቱም አንዴ ከታሰረ ታሰረ ነው። እኔ ቱቦውን የምመርጠው ለዚህ ነው። አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፣ ርዝመቱም እንደ ባንዱ (ጣቢያዎቹ እንደየሞገዳቸው ርዝመት 25 ሜትር፣ 19 ሜትር እየተባሉ የተመደቡበት የፍሪኩዌንሲ ክልል) ይረዝማል ያጥራል። ይሄ ደሞ ቅንጦት አይደለም፤ ቀን ቀን ከፍ ያሉት ባንዶች፣ ማታ ማታ ዝቅ ያሉት ናቸው የሚሻሉት፣ በዛ ላይ የአጭር ሞገድ ጣቢያዎች በዓመት 2 ጊዜ ፍሪኩዌንሲ ይቀይራሉ፣ በፈረንጆቹ የማርች የመጨረሻ እሁድና የኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ፣ በኛ መጋቢትና ጥቅምት ከተጋመሱ በኋላ ማለት ነው። ያዳመጣችሁት ጣቢያ በነጋታው ሌላ ባንድ ላይ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ የዚህ አንቴና ጣጣው ያለው መጋጠሚያው ላይ ነው። ቱቦው ራሱ አይበላሽም። መጋጠሚያው ግን ሶስት ነገር አንድ ላይ ይጠየቃል፦ ነፋስ እንዳያወዛውዘው ጥብቅ ማለት፣ ኤሌክትሪኩን በደንብ ማስተላለፍ፣ እና ስትፈልጉት ደሞ ተፈትቶ መንሸራተት። ስለዚህ አብዛኛው ጽሁፌ እሱ ላይ ነው፣ ሌላውን ቶሎ ቶሎ አልፈዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ቀድሜ ልበል፣ ይሄ ለማዳመጥ ብቻ ነው። ማሰራጨት የሚፈልግ ሰው ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ አሰራሩም ይለያል።

ርዝመቱ

ሂሳቡ ቀላል ነው። 71.5ን በሜጋኸርዝ አካፍሉት፣ የሚመጣው የቋሚው ቱቦ ርዝመት በሜትር ነው (የሞገዱ ርዝመት ሩብ ላይ ትንሽ ተቀንሶለት)። ለ25 ሜትር ባንድ መሀሉ 11.8 ሜጋኸርዝ ነው ብንል 6.06 ሜትር ይሆናል። ለ19 ሜትር ባንድ 15.4 ላይ 4.64 ሜትር፣ ለ16 ሜትር ባንድ 17.7 ላይ 4.04 ሜትር። 31 ሜትር ባንድ 9.65 ላይ 7.41 ይላችኋል፣ እሱን አልመክርም፣ ቱቦው ይቀጥንና ነፋስ ይጫወትበታል፤ ለማዳመጥ እስከሆነ ድረስ በ6 ሜትር ተኩልም 31 ሜትር ባንድ ጥሩ ይሰማል።

እኔ የምመክረው 4 ቱቦ ነው። ከታች 25 ሚሊ ውፍረት ያለው 2 ሜትር፣ ቀጥሎ 20 ሚሊ 1.80 ሜትር፣ ቀጥሎ 16 ሚሊ 1.60 ሜትር፣ ጫፉ 12 ሚሊ 1.60 ሜትር። እያንዳንዱ ታችኛው ውስጥ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይግባ፣ ከዛ በታች ከሆነ መጋጠሚያው ይንገዳገዳል። እንዲህ ሲሆን ሙሉ በሙሉ ተጎትቶ 6.55 ሜትር ይደርሳል። የታችኞቹ ሁለቱ (25ና 20) አንዴ ከተጋጠሙ አይነኩም፣ 3.65 ሜትር ሆነው ይቀራሉ፣ ርዝመት የምትቀያይሩት በላይኞቹ በሁለቱ ነው። ለምሳሌ ለ25 ሜትር ባንድ 16 ሚሊዋ 1.45 ትውጣ፣ 12 ሚሊዋ 96 ሳንቲ ሜትር ትውጣ። ለ19 ሜትር ባንድ 12 ሚሊዋ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ትቅርና 16 ሚሊዋ 89 ትውጣ። ለ16 ሜትር ባንድ ደሞ ያቺው 10 እንዳለች ሆና 16 ሚሊዋ ወደ 29 ትውረድ።

ቱቦውን ማግኘት

በርና መስኮት የሚሰሩ አሉሚኒየም ቤቶች ጋ ሂዱ። እነሱ የሚሰሩበት አሉሚኒየም አብዛኛው 6063 የሚባለው ቅይጥ ነው፣ ለአንቴና በጣም ተስማሚ ነው፣ ግን አብዛኛው እቃቸው አራት ማዕዘን ስለሆነ ክቡን ለይታችሁ ጠይቁ፦ «ወንድሜ፣ ክብ ቱቦ ቁራጭ አለህ? ሃያ ሚሊ፣ አስራ ስድስት ሚሊ የሆነ» በሉት። ሙሉ ዘንግ ከመግዛት ቁራጭ መልቀም ይሻላል፣ የኛ ትልቁ ቁራጭ 2 ሜትር ነውና። ሌላው አሪፍ ምንጭ የድሮ የቲቪ አንቴና ነው። ዲሽ ከመጣ ወዲህ ጣሪያ ላይ ተረስቶ የቀረ፣ ቅዳሜ ገበያ ከቁርጥራጭ ብረት ጋ ተቀላቅሎ የሚሸጥ አይጠፋም፣ የሱ ዘንጎች ለጫፍዋ ይሆናሉ። የመጋረጃ ዘንግ ደሞ ተጠንቀቁ፣ ብዙው ቀለም የተቀባ ስስ ብረት ነው፣ ማግኔት አስጠጉበት፣ ከሳበው አሉሚኒየም አይደለም፣ ተዉት።

ስትሄዱ ካሊፐር ያዙ፣ ከሌላችሁ ግን የመጀመሪያውን ቱቦ ይዛችሁ ሂዱና እዛው እየከተታችሁ ሞክሩ። ማየት ያለባችሁ የውጩን ውፍረት ብቻ አይደለም፣ የግድግዳውንም ነው። 25 ሚሊ ቱቦ ግድግዳው 2 ሚሊ ከሆነ ውስጡ 21 ነው፣ 20 ሚሊዋ ስትገባ 1 ሚሊ ክፍተት ይቀራል። 20 ሚሊ በ1.5 ግድግዳ ውስጡ 17፣ 16 ሚሊዋ ስትገባ አሁንም 1 ሚሊ። 16 በ1.5 ውስጡ 13፣ 12 ሚሊዋ ስትገባ እንደዛው 1 ሚሊ። አሜሪካኖቹ ለዚሁ ስራ ተብሎ በኢንች የተሰራ ቱቦ አላቸው፣ አንዱ ካንዱ ጋ የሚቀረው ክፍተት ሩብ ሚሊ እንኳን አይሞላም፣ እኛ ጋ የሚገኘው ግን በሚሊ ስለሆነ ይቺን 1 ሚሊ መሙላት የኛ ስራ ነው።

አቆራረጥ

እቃው ይሄ ነው፦ ሰጌቶ፣ ሞርሳ፣ ሊማ (ጠፍጣፋና ክብ)፣ ትራፓኖ ከ3 ሚሊና ከ4 ሚሊ ፑንታ ጋ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቴስተር፣ መነጽር። የሰጌቶው ምላጭ ጥርሱ ደቃቅ ይሁን፣ በኢንች 32 ጥርስ ያለው። ምክንያቱም ግድግዳው 1.5 ሚሊ ብቻ ነው፣ ጥርሱ ሰፊ ከሆነ ግድግዳው በሁለት ጥርስ መሀል ይገባና ይነክሳል፣ ወይ ጥርሱ ይረግፋል ወይ ቱቦው ይጣመማል። የምላጩ ጥርስ ወደ ፊት ይይ፣ ስትገፉ ነው የሚቆርጠው፣ ስትመልሱ ጫና አንሱለት።

ግራይንደር ላይ የብረት ዲስክ አስገብታችሁ አሉሚኒየም እንዳትቆርጡ። አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ የዲስኩን ደቃቅ ቀዳዳዎች ይሞላቸዋል፣ ዲስኩ ይግላል፣ ይፈነዳልም። አሉሚኒየም ቤት ያለው ትልቁ ማሽን ግን ለዚሁ የተሰራ ምላጭ ስላለው ቀጥ አድርጎ ይቆርጥላችኋል፣ የርዝመት ቆረጣውን እዛው አስጨርሳችሁ ስንጠቃውን ቤት ብትሰሩ ጊዜም ጉልበትም ይተርፋችኋል።

በእጅ የምትቆርጡ ከሆነ ጠርዙ ቀጥ ያለ ወረቀት ቱቦው ላይ ጠቅልሉ፣ የወረቀቱ ጠርዝ ለራሱ ሲገጥም መስመሩ ቀጥ ነው ማለት ነው፣ በሱ ላይ ዙሪያውን አስምሩ። ቱቦውን በባዶ ሞርሳ እንዳታስሩት፣ ይጨፈለቃል፤ ሁለት እንጨት ላይ ግማሽ ክብ ጉድጓድ ቆፍራችሁ በሱ መሀል እሰሩት። ከዛ አንዴ ቆርጣችሁ ለመጨረስ አትሞክሩ፣ ትንሽ ቆርጣችሁ ቱቦውን አዙሩ፣ እንደገና ትንሽ፣ እያዞራችሁ ዙሩት፣ ምላጩ የቀደመውን ጭረት እየተከተለ ስለሚሄድ ጫፉ ቀጥ ይላል። ምላጩ ላይ የአሉሚኒየም ድቃቂ እየተጣበቀ ካስቸገረ በነጭ ጋዝ አርጥቡት ወይም ሻማ አሹበት።

ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ እናንተ እንዳትዘሉት። የተቆረጠው ጫፍ ከውስጥም ከውጭም ስለታም ጢም ያወጣል። ከውጭ በጠፍጣፋ ሊማ፣ ከውስጥ በክብ ሊማ ወይም በቢላ ጫፍ ሙልጭ አድርጋችሁ አውጡት፣ በጣታችሁ ሳይሆን በጨርቅ ዳብሱት፣ ጨርቁን ከያዘ ገና ነው። አሉሚኒየም በአሉሚኒየም ላይ ደረቁን ሲሄድና መሀሉ ድቃቂ ሲኖር ይነካከሳል፣ ይጣበቃል፣ ከዛ በኋላ በመዶሻም አይወጣም። ቱቦውን ውስጡን እርጥብ ጨርቅ በገመድ አስራችሁ አንዴ ጎትቱበትና ድቃቂውን አውጡ።

ስንጠቃው

ታችኛው ቱቦ ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል፣ ፋሼታ (የጎማ ቱቦ ማጥበቂያ ቀበቶ) ሲጠብቅበት በስንጥቆቹ መሀል የቀሩት ጣቶቹ ተጠግተው የላይኛውን እንዲይዙ። ይሄ 3 መጋጠሚያ ነው፦ የ25ቱ ጫፍ፣ የ20ው ጫፍ፣ የ16ቱ ጫፍ። 12 ሚሊዋ ጫፍ ስለሆነች አትነካም።

አራት ስንጥቅ ነው የምንፈልገው፣ ርዝመታቸው 4 ሳንቲ ሜትር። አራት ቦታ እኩል ለመክፈል ወረቀት ቁራጭ ጠቅልላችሁ ዙሪያውን ልክ ቁረጡት፣ ከዛ አንዴ እጠፉት፣ እንደገና እጠፉት፣ ዘርግታችሁ መልሳችሁ ስትጠቀልሉት እጥፋቶቹ አራቱን ቦታ ያሳዩዋችኋል። ከያንዳንዱ ምልክት ወደ ታች ቀጥ ያለ መስመር ለማስመር ቱቦው ላይ አንግል ብረት ገልብጣችሁ አስቀምጡ፣ አንግሉ በራሱ ጊዜ ከቱቦው ጋ ትይዩ ሆኖ ይቀመጣል፣ በጠርዙ አስምሩ። በአይን ብታሰምሩት ይጠማዘዛል።

ከመሰንጠቃችሁ በፊት ከጫፉ 4 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ በመስመሩ መጨረሻ፣ በ3 ሚሊ ፑንታ ብሱ። መጀመሪያ ፑንታው እንዳይንሸራተት በሾለ ምስማር ነካ አድርጉት፣ ከዛ ፑንታው አንዱን ግድግዳ አልፎ ሌላውንም ይብሳ፣ ቱቦውን ሩብ ዙር አዙራችሁ ድገሙት፣ በሁለት ብስ አራት ቀዳዳ ታገኛላችሁ። ቀዳዳው ለምን መሰላችሁ፣ የስንጥቅ ጫፍ ስለታም ሆኖ ከቀረ ነፋስ ሲያወዛውዘው ስንጥቁ እየሄደ እየሄደ ቱቦውን ይከፍለዋል፣ ክብ ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ግን እዛው ይቆማል።

አሁን ቱቦውን ቀጥ አድርጋችሁ ሞርሳው ላይ አቁሙት፣ ሰጌቶውን ከላይ ዘርግታችሁ ሁለቱን ግድግዳ በአንዴ ወደ ታች ቁረጡ፣ ቀዳዳው ላይ ሲደርስ አቁሙ። ሩብ ዙር አዙሩና ድገሙት። ሁለተኛው ላይ ጣቶቹ መወዛወዝ ይጀምራሉ፣ ውስጡ ልክክ የሚል እንጨት ክተቱበት፣ እንጨቱንም አብራችሁ ቁረጡት፣ ችግር የለውም። ስትጨርሱ በስንጥቁ ውስጥ የታጠፈ ብርጭቆ ወረቀት እየሳባችሁ ጢሙን አጥሩ፣ ከውስጥ በኩል በተለይ።

መሙያው

ሂሳቡን እዩት። 1 ሚሊ ክፍተት ለመዝጋት የቱቦው ዙሪያ 3.14 ሚሊ ማጠር አለበት። ሰጌቶ የሚያወጣው ስንጥቅ እያንዳንዱ ወደ 1 ሚሊ ነው፣ አራቱ ሲደመር 4 ሚሊ። ስለዚህ ፋሼታውን አጥብቃችሁ አጥብቃችሁ ስንጥቁ ሙሉ ለሙሉ ሊዘጋ ምንም ሳይቀረው ነው የሚይዘው፣ ያውም ጣቶቹ ወደ ውስጥ ስለሚታጠፉ የሚነኩት በጫፋቸው ብቻ ነው። ሲታይ የጠበቀ ይመስላል፣ ኤሌክትሪኩ ግን የሚያልፈው በቀጭን ጠርዝ ነው፣ ቱቦውም እዛች ላይ ይወዛወዛል። ለዚህ ነው ክፍተቱ በላሜራ መሞላት ያለበት።

ግማሽ ሚሊ የአሉሚኒየም ላሜራ ካገኛችሁ አንድ ዙር ይበቃል፣ በሁለቱም ጎን ግማሽ ግማሽ ስለሚሆን። ካላገኛችሁ የቢራ ወይም የለስላሳ ጣሳ ተጠቀሙ። የጣሳ ግድግዳ ወደ 0.1 ሚሊ ነው፣ ስለዚህ 5 ዙር ይፈልጋል። ግን ጣሳ ከውጭ ቀለም አለው፣ ከውስጥ ደሞ አይታይም እንጂ መጠጡ አሉሚኒየሙን እንዳይነካው የተቀባ ስስ ፕላስቲክ አለው፣ ሁለቱም ኤሌክትሪክ አያስተላልፉም። ሁለቱንም ጎን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ አሹት፣ ከዛ ቴስተሩን ድምጽ በሚያሰማው ላይ አድርጋችሁ የላሜራውን ሁለት ፊት ንኩ፣ ጢጥ ካለ ጸድቷል፣ ዝም ካለ ገና ነው። ቆርቆሮ ቁራጭ ግን እንዳታስገቡ፣ ሌላ ብረት ከአሉሚኒየም ጋ ተነካክቶ እርጥበት ሲያገኘው ይበላላል።

የላሜራው ስፋት 5 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ 4ቱ ውስጥ ይገባል፣ 1 ሳንቲ ሜትሩ ከአፉ ውጭ ይቀራል። ይቺን 1 ሳንቲ ሜትር በመቀስ ጥርስ ጥርስ አድርጋችሁ ቁረጡና ወደ ውጭ አጥፋችሁ የታችኛው ቱቦ ላይ አስተኟት፣ ፋሼታው ከላይዋ ይጠብቅባት። ጣሳ ከሆነ የመጨረሻውን ዙር ብቻ ነው ጥርስ የምታወጡለት፣ የውስጦቹን 4 ሳንቲ ሜትር አድርጉ። ይሄ ካልሆነ የላይኛውን ቱቦ ባንሸራተታችሁ ቁጥር ላሜራው አብሮ ይወርድና ቱቦው ሆድ ውስጥ ይቀራል።

ማጽዳትና ማጥበቅ

አሉሚኒየም አየር እንደነካው ወዲያው ስስ ኦክሳይድ ያበጃል፣ አይታይም ግን ኤሌክትሪክ ይከለክላል። የመስኮት አሉሚኒየም ደሞ ሆን ተብሎ አኖዳይዝ የተደረገ (ወፍራም ኦክሳይድ የተደረበበት) ወይም ዱቄት ቀለም የተቀባ ስለሆነ ጭራሽ አያስተላልፍም። ስለዚህ የሚነካካው ቦታ ሁሉ፣ የላይኛው ቱቦ የሚንሸራተትበት ርዝመት በሙሉ፣ የታችኛው አፍ ከውስጥ 4 ሳንቲ ሜትር፣ ላሜራው፣ ሁሉም በብርጭቆ ወረቀት ይታሽ። ከውስጥ ለማሸት ብርጭቆ ወረቀቱን ዱላ ላይ ጠቅልሉ። ኮምፕረሰር ካልሆነ በአፋችሁ እንዳትነፉት፣ ድቃቂው አይን ይገባል።

እንዳጸዳችሁ ወዲያው፣ ሳትውሉ ሳታድሩ፣ ኤሌክትሪክ ሰራተኞች ለአሉሚኒየም ገመድ የሚጠቀሙበትን ግሪስ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ከጠፋ ተራ ቫዝሊንም ይሆናል። ዘይቱ ራሱ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ግን ፋሼታው ሲጠብቅ ከሚነካካው ቦታ ተገፍቶ ይወጣና ዙሪያውን ከአየርና ከውሃ ይዘጋል፣ ስራው እሱ ነው። በዛ ላይ ቱቦው ሳይነካከስ እንዲንሸራተት ያደርጋል።

ፋሼታው የማይዝግ ይሁን። የጎማ ቱቦ ማጥበቂያው፣ መኪና መለዋወጫ የሚሸጡ ጋ አለ፣ መጠኑ ለ25ቱ ከ16 እስከ 27፣ ለ20ው ከ12 እስከ 22፣ ለ16ቱ ከ10 እስከ 20 ያለው ይሆናል (ላሜራው ስለሚታጠፍበት ልክ የሆነውን ሳይሆን ትንሽ ሰፋ የሚለውን ውሰዱ)። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፤ ቀበቶውንም ብሎኑንም የማይስበው ከሆነ ጥሩ ነው። ማግኔት የሚስባቸው የማይዝጉ አይነቶችም አሉ፣ ግን ብሎኑ ብቻ ጥርቅም አድርጎ ከተሳበ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚዝገው እሱ ነው፣ ክረምቱ ሲያልፍ መፍታት አይቻልም።

ፋሼታውን ከአፉ 1 ሳንቲ ሜትር አካባቢ አስቀምጡት፣ ወደ ስንጥቁ ስር ካወረዳችሁት ጣቶቹን አያጥፋቸውም። የፋሼታው ብሎን ያለበት ወፍራሙ ክፍል ስንጥቅ ላይ ሳይሆን ጣት ላይ ይረፍ፣ ስንጥቅ ላይ ካረፈ አንዱን ጣት ወደ ጎን ይጎትተዋል። በካቻቪቴ ሳይሆን በሶኬት ቁልፍ (ብዙው 7 ወይም 8 ነው) አጥብቁ፣ ካቻቪቴ ይንሸራተትና እጅ ይቆርጣል። እስከ የት? ቱቦውን በሁለት እጃችሁ ጨብጣችሁ ለማዞር ሞክሩ፣ አልዞር ካለ ሩብ ዙር ጨምሩና ተዉት። ከዛ በላይ 12 ሚሊዋን ይጨፈልቃታል።

ሲያልቅ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጉ፣ ሁለቱን እግሮቹን አንድ ላይ አነካኩና የሚያሳየውን ያዙ፣ ከዛ አንዱን ከታችኛው ቱቦ አንዱን ከላይኛው ጋ (የታሸ ቦታ ላይ) ንኩ። ልዩነት ሊኖረው አይገባም። ቱቦውን እያወዛወዛችሁ ቁጥሩ የሚዘል ከሆነ ፈትታችሁ እንደገና አሹት።

አንድ ነገር ደሞ፣ ፋሼታ ስትፈቱ 12 ሚሊዋ 16ቱ ውስጥ ጠልቃ ትጠፋለች፣ በርዝመት እኩል ናቸውና። ጫፏ ላይ ከ16 ሚሊ የሚሰፋ የወንበር እግር ጎማ ግጠሙላት፣ መውደቅም ይከለክላል፣ ዝናብም ከላይ አይገባም። 16ቱን የራሷ ፋሼታ ስለሚይዛት አትወድቅም።

ማቆም

የታችኛውን ቱቦ ከእንጨቱና ከጣሪያው የሚለይ ነገር ያስፈልገዋል። የባህር ዛፍ ምሰሶ ከቤቱ ጥግ ጋ አቁሙ፣ ደረቅ ባህር ዛፍ ቢሆንም ዝናብ ሲመታው እርጥበት ስለሚይዝ ቱቦውን በቀጥታ አትሰሩበት። ውስጡ 25 ሚሊዋን የሚያስገባ የውሃ ፕላስቲክ ቱቦ ሁለት ቁራጭ ቆርጣችሁ ታችኛው ቱቦ ላይ አልብሱ፣ እነሱ ላይ እሰሩ። ከሁለቱ ማሰሪያዎች የላይኛውን በቀላሉ የሚፈታ አድርጉት፣ ርዝመት ስትቀይሩ እሱን ፈትታችሁ አንቴናውን ወደ መሬት ማዘንበል ነው፣ እስከ አንቴናው ጫፍ በመሰላል መውጣት አያስፈልግም። ነፋስ ለሚበዛበት ቦታ የ20ውን ጫፍ ከፋሼታው ስር በ3 አቅጣጫ በናይለን ገመድ ወጥሩት፣ ሽቦ ግን አይሆንም፣ የአንቴናው አካል ይሆናል። ውስጡ ጫፍ እስከ ጫፍ ወፍራም የጥጥ ገመድ ብታስገቡበት ንዝረቱንና ፉጨቱን ያጠፋዋል።

ከታች 3 ሳንቲ ሜትር ላይ በ4 ሚሊ ብሱና የማይዝግ ቡሎን፣ ሮንዴላና ዳዶ አስገቡ። የዲሽ ገመድ (75 ኦም የሚባለው) የመሀል ሽቦውን በካፖኮርዳ (ቡሎን የሚገባበት የገመድ ጫፍ መያዣ) አድርጋችሁ እሱ ላይ እሰሩ፣ መዳቡ አሉሚኒየሙን በቀጥታ እንዳይነካ ሮንዴላው መሀል ይሁን። የመሀል ሽቦው ብዙ ጊዜ መዳብ የለበሰ ብረት ስለሆነ ደጋግማችሁ አታጥፉት፣ ይሰበራል። የውጭ መረቡ ደሞ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ነው፣ ስታኞ አይዘውም፣ በመበየድ ጊዜ አታጥፉ፣ ጠምዝዛችሁ በካፖኮርዳ ጨፍልቁት። እሱ የሚታሰረው ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ነው፣ ቀለሙን ፍቃችሁ። ቤት ውስጥ ሲያስቸግረን የነበረው ቆርቆሮ እዚህ ጋ የአንቴናው ግማሽ አካል ሆኖ ይሰራል። ጣሪያው ሩቅ ከሆነ 4 ሽቦ እያንዳንዱ 5 ሜትር አካባቢ መሬት ላይ ዘርጉ። መጋጠሚያውን በኤሌክትሪክ ፕላስተር በደንብ ጠቅልሉት፣ የቱቦውን የታች አፍ ግን እንዳትደፍኑት፣ ውሃ የሚወጣበት እሱ ነው።

ገመዱ ቤት ሳይገባ በፊት 10 ዙር ያህል ጠቅልላችሁ እሰሩት፣ የቤት ውስጥ ጩኸት በገመዱ ውጪ ተንሸራቶ እንዳይወጣ ይረዳል። ሬዲዮአችሁ የውጭ አንቴና መሰኪያ ካለው በሱ፣ ከሌለው የመሀሉን ሽቦ በአዞ መቆንጠጫ የሬዲዮው አንቴና ላይ ያዙት። ትንንሽ ሬዲዮ በትልቅ አንቴና ይጨናነቃል፣ ጣቢያ በጣቢያ ላይ ከተደራረበ የሬዲዮውን ቁልፍ «ሎካል» የሚለው ላይ አድርጉት።

የመብራት ገመድ ነገር ቀልድ አይደለም። በየሰፈሩ ገመዱ ከጣሪያ ጋ ተጠግቶ ነው የሚያልፈው። አንቴናው በየትኛውም አቅጣጫ ቢወድቅ ገመዱ ጋ የማይደርስበት ቦታ ምረጡ፣ ስታቆሙትና ስታዘነብሉትም እንደዛው፣ እንዲህ አይነት ቦታ ግቢያችሁ ውስጥ ከሌለ አንቴናውን አትስሩት። ነጎድጓድ ሳይመጣ በፊት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም በተለይ፣ ገመዱን ከሬዲዮው ነቅላችሁ ከቤት ውጭ አውጡት፣ ማታ ስትተኙም ነቅላችሁ ተኙ። ደመናው ከጠቆረ በኋላ ግን ለመንቀልም ወደ አንቴናው አትጠጉ።

ርዝመቱን ምልክት ማድረግ

ለየባንዱ ልክ የሆነውን ርዝመት ካገኛችሁ በኋላ ላይኞቹ ሁለት ቱቦዎች ላይ የታችኛው ቱቦ አፍ የሚያርፍበትን በጥፍር ቀለም ዙሪያውን አስምሩ፣ ለየባንዱ የተለያየ ቀለም። በሰጌቶ ወይ በምስማር አትጫሩት፣ ጭረት ላይ ነው ቱቦ የሚሰበረው። ቀለሙ መንካኪያው ቦታ ላይ እንዳያርፍ ከአፉ ትንሽ ከፍ ብሎ ይሁን። ሂሳቡ ያመጣው ርዝመት መነሻ ነው፣ ጣቢያ ከፍታችሁ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ስሙት፣ የጣሪያው ስፋትና የምሰሶው ከፍታ ይቀይረዋል።

በዓመት 2 ጊዜ ጣቢያዎቹ ሲቀያየሩ አንቴናውንም ለማውረድ ጥሩ አጋጣሚ ነው። በጥቅምቱ ዝናቡ ካባራ በኋላ ስለሆነ ፋሼታዎቹን ፍቱ፣ ግሪሱ ጠቁሮ ከሆነ በነጭ ጋዝ ጠርጋችሁ ብርጭቆ ወረቀት አስነኩትና እንደ አዲስ ቀቡ። በመሀል ሬዲዮው ነፋስ ሲነፍስ ብቻ የሚንጫጫ ከሆነ አንዱ መጋጠሚያ ላልቷል ማለት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የ16ቱ ነው፣ ከሱ ጀምሩ።